ማኅደርና አኮፋዳ፤ ለሕፃናት ድርሰት የሚነደፍ የስጦታ ከረጢት ታሪክ

በንድፍና በኅትመት ሙያ ውስጥ ከረጢት ዝቅተኛውን ስፍራ ይዞ ኖሯል። የመጽሐፍ ሽፋን ወይም ቴምብር የነደፈ ባለሙያ ስሙ ይጠራል፤ የከረጢቱን ነዳፊ ግን ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ሥራው ብዙውን ጊዜ ለአዲስ ተቀጣሪ የሚሰጥ፣ በአንድ ቀን ተሠርቶ በማግስቱ የሚረሳ ነው። ዕቃው ከውስጡ እንደ ወጣም ከረጢቱ ተጨማድዶ ይጣላል፤ ዕድል ከቀናው ሽንኩርት ይቋጠርበታል። ስለዚህ ስለ ከረጢት ታሪክ መጻፍ ለአንዳንድ የሙያ ባልደረባ ትርፍ ሥራ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ይህ የተናቀ ሥራ ከባድ ጥያቄ የሚያስነሣበት ጊዜ አለ፤ ይኸውም ከረጢቱ የሚሠራው ልጆች እንዲጽፉ ለሚረዳ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ለእንግዶቹና ለረዳቶቹ ስጦታ የሚሰጥበት፣ ገቢ ለማግኘት የሚሸጠውን ዕቃ የሚያኖርበት፣ ልጆቹንም ወደ ቤታቸው የሚሸኝበት ከረጢት ያስፈልገዋል። ነዳፊው ገና እርሳሱን ሲያነሣ ጥያቄው ከፊቱ ይደቀናል። በከረጢቱ ፊት ላይ የሚታየው ምንድን ነው? የሰጪው ቸርነት ነውን? የተቀባዩ ችግር ነውን? ወይስ ልጁ የጻፈው ነገር? ልዩነቱ የቀለምና የፊደል ቅርጽ ልዩነት ብቻ እንዳይመስል ያስፈልጋል። አንድ ልጅ በዚያ ቤት በር ሲገባ አንገቱን መድፋቱ ወይም ቀና ማለቱ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነውና።

የአማርኛ አንባቢ የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአገራችን ከጽሑፍና ከትምህርት ጋር አብረው የኖሩ ሁለት መያዣዎች አሉ። አንደኛው ማኅደር ነው። ስሙ «ኀደረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን ማደሪያ ማለት ነው። ከቆዳ የተሰፋ፣ ማንገቻ ጠፍር ያለው የብራና መጽሐፍ ቤት ነው። ባለመጽሐፉ ሲጓዝ ከትከሻው ያነግተዋል፤ ቤት ሲገባ ከግድግዳው ችካል ላይ ይሰቅለዋል። ማኅደር ስለ ባለቤቱ ችግርም ሆነ ስለ ለጋሽ ቸርነት የሚናገረው ነገር የለውም። የሚናገረው በውስጡ ሊጠበቅ የሚገባው ጽሑፍ መኖሩን ብቻ ነው።

ሁለተኛው አኮፋዳ ነው። ከሰሌን ወይም ከሣር ታትቶ የሚሠራው ይህ መያዣ የቆሎ ተማሪው በየደጁ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመነውን ቁራሽ የሚያጠራቅምበት ነው። አኮፋዳ ማንገት ነውር አልነበረም፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ልመናው ራሱ ትሕትና የሚማሩበት ነበርና። ቢሆንም አኮፋዳ ለተመልካች የሚያሳየው የተማሪውን ረኃብ ነው፤ በቃሉ የያዘውን ዜማ ወይም ቅኔ አያሳይም። እንግዲህ በሕፃናት ድርሰት ስም የሚነደፍ ከረጢት ከሁለቱ ወደ የትኛው ይጠጋል? ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ የሌላ አገር ታሪክ ቢሆንም ጥያቄው ያው ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ስለ ራሱ ጥቂት ማለት ይገባል። ከረጢት በመኪና መሠራት ከመጀመሩ በፊት ባለሱቁ ወረቀቱን በእጁ ጠምዝዞ እንደ ቀንድ በማድረግ ዕቃ ይሰፍርበት ነበር። ይህ ዘዴ ቆሎና ሱፍ በሚቸረችሩ ሰዎች ዘንድ በእኛም አገር የታወቀ ነው። በ1852 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት የቤተልሔም ከተማ ሰው የሆነው መምህሩ ፍራንሲስ ዎሌ የወረቀት ከረጢት የሚሠራ መኪና ፈልስፎ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። የመጀመሪያው የከረጢት መኪና ከትምህርት ቤት ሰው እጅ መውጣቱ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የተስማማ አጋጣሚ ነው። የዎሌ ከረጢት ግን እንደ ፖስታ ጠፍጣፋ ስለ ነበረ በራሱ ሊቆም አይችልም፤ ማዕዘን ያለው ዕቃ ሲገባበትም ይቀደዳል።

ይህን ጉድለት ያስወገደችው ማርጋሬት ናይት ናት። የእርሷ ታሪክ ዘርዘር ተደርጎ ቢነገር ይገባዋል። ናይት በ1838 በሜይን ግዛት ተወለደች። ትምህርቷን በጊዜ ትታ ገና በልጅነቷ በኒው ሃምፕሽር ግዛት በማንቸስተር ከተማ ጥጥ ፋብሪካ ገባች። በ12 ዓመቷ ከሽመና መኪናው ተፈናጥሮ የወጣ መወርወሪያ ሰው ሲያቆስል አይታ አደጋውን የሚከላከል መሣሪያ እንዳሰበች ይተረካል። ኋላም በማሳቹሴትስ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ በሚገኝ የከረጢት ፋብሪካ ተቀጠረች። በዚያን ጊዜ ታቹ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነው ከረጢት የሚታጠፈውና በሙጫ የሚጣበቀው በሰው እጅ ነበር፤ ስለዚህም ዋጋው ውድ፣ ብዛቱም ጥቂት ነበር። ናይት ወረቀቱን ስቦ የሚቆርጥ፣ የሚያጥፍና የሚያጣብቅ መኪና በወረቀት ላይ ነደፈች፤ በእንጨት ሠርታ ሞከረችው፤ ቀጥሎም ወደ ቦስተን ሄዳ በብረት አሠራችው።

የብረቱ መኪና በሚሠራበት ስፍራ ቻርልስ አናን የተባለ ሰው አየው። ናይት የፈጠራ መብት ለመጠየቅ በቀረበች ጊዜ ይኸው ሰው መኪናውን የራሱ አድርጎ ቀድሟት ማመልከቱን ተረዳች። ወደ ክርክር ገባች። ተከራካሪዋ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ የተወሳሰበ መኪና ሊገባት አይችልም የሚል መከራከሪያ እንዳቀረበ ይነገራል። እርሷ ግን ንድፎቿን፣ የጻፈቻቸውን ማስታወሻዎችና ሥራው ሲሠራ ያዩትን ምስክሮች አቀረበች። ፍርዱ ለእርሷ ሆነ፤ በ1871ም የፈጠራ መብቷ ተረጋገጠላት። ከልጅነቷ ጀምሮ በፋብሪካ የዋለችው ይህች ሴት መብቷን ያስከበረችው በጽሑፍ ነው። ረቂቅ ንድፉን ሥራው እንዳለቀ ቀዶ ለሚጥል ባለሙያም ይህ ታሪክ የሚነግረው ነገር ይኖራል።

ከዚህ በኋላ የቀረው ፈጥኖ ተፈጸመ። በ1883 ቻርልስ ስቲልዌል ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ተደራርቦ የሚቀመጥና ዘርገፍ ሲደረግ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከረጢት የሚሠራ መኪና አስመዘገበ። በ1912 ደግሞ በሚኒሶታ ግዛት በሴንት ፖል ከተማ ዎልተር ዶይብነር የሚባል ባለሱቅ ገዢዎቹ የሚገዙት በእጃቸው ሊሸከሙ የሚችሉትን ያህል ብቻ መሆኑን አስተውሎ በከረጢቱ ዙሪያ ገመድ አሳልፎ እጀታ አወጣለት። ከረጢቱ እስከ 75 ፓውንድ፣ ማለትም 34 ኪሎ ያህል ይችል ነበር፤ ዋጋውም 5 ሳንቲም ነበር። ለነዳፊ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው። ከረጢት እጀታ ካገኘ ወዲህ በደረት ታቅፎ የሚሄድ ጥቅል መሆኑ ቀርቶ ከሰው እጅ ተንጠልጥሎ በጎዳና የሚታይ ሆነ። ግድግዳ የማያስፈልገው ማስታወቂያ ተገኘ ማለት ነው።

ስጦታ የሚያዝበት ዕቃ ታሪክ ደግሞ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። ለበጎ አድራጎት ከተነደፉት መያዣዎች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው በ1914 ለገና በዓል በብሪታንያ ልዕልት ሜሪ ስም ለወታደሮችና ለመርከበኞች የታደለው የናስ ሣጥን ነው። ነዳፊዎቹ አድሼድና ራምዚ ይባላሉ። ለሚያጨሱት ትምባሆና ሲጋራ፣ ለማያጨሱት ደግሞ ከረሜላና እርሳስ፣ ወረቀትና ፖስታ የያዘ የጽሕፈት መያዣ ተሰጣቸው። ሣጥኑ በጥንካሬው የተነሣ ትምባሆው ካለቀ በኋላ ለብዙ ዘመን የደብዳቤና የፎቶግራፍ ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሏል፤ ነዳፊዎቹ ሊመሰገኑ ይገባል። በክዳኑ መካከል ተቀርጾ የሚታየው ግን የልዕልቲቱ መልክ ነው። ተቀባዩ ሣጥኑን በከፈተ ቁጥር ሰጪውን ያያል።

ከዚያ በኋላ የመጡት የበጎ አድራጎት ስጦታዎችም ይህንኑ ፈለግ ተከተሉ። በ1927 በአሜሪካ የሕፃናትን ወዳጅነት ለማስፋፋት የተቋቋመ ኮሚቴ ከ12,000 የሚበልጡ አሻንጉሊቶችን ወደ ጃፓን ላከ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለሜክሲኮ ልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳዎችን ላከ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ቦርሳውን መርጦና ሞልቶ የሚልከው አንደኛው ወገን፣ ከፍቶ የሚያመሰግነው ሌላው ወገን ነው። ተቀባዩ ልጅ የሚናገረው ነገር ቢኖረው የሚጻፍበት ቦታ በቦርሳው ላይ አልተተወለትም።

በ1949 ትንሽ የሚመስል፣ ውጤቱ ግን ትልቅ የሆነ ለውጥ ታየ። በቼኮስሎቫኪያ በአንድ የገጠር መንደር የምትኖር ጂትካ ሳምኮቫ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ከጦርነቱ በኋላ ለመንደሯ ላደረገው ርዳታ ምስጋና እንዲሆን ልጆች በአንድ ምሰሶ ዙሪያ ሲጨፍሩ የሚያሳይ ሥዕል ሠራች። ወረቀት ስላልነበረ ሥዕሉን በመስተዋት ላይ እንደ ሠራችው ይነገራል። ድርጅቱ ይህን ሥዕል የመጀመሪያው የመልካም ምኞት ካርዱ አድርጎ አሳተመው። በኋላ እነ ፒካሶንና እነ ማቲስን የመሳሰሉ ስመ ጥር ሠዓሊዎች ሥራቸው በካርዶቹ ላይ ታትሟል፤ የሰልፉ መሪ ግን የ7 ዓመት ሕፃን ናት። በበጎ አድራጎት ኅትመት ፊት ላይ የሰጪው መልክ በነበረበት ስፍራ የተቀባዩ ልጅ ሥራ ሲገባ ይህ ከታወቁት ቀደምት ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ልጆች እንዲጽፉ ለመርዳት ብቻ ወደ ተቋቋመ ድርጅት ለመድረስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለፈ። በ2002 ደራሲው ዴቭ ኤገርስና መምህርት ኒኒቬ ካሌጋሪ በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ሚሽን በሚባለው ሰፈር፣ በቫሌንሲያ ጎዳና በቁጥር 826 ቤት ተከራይተው ከትምህርት በኋላ ልጆች በነጻ የሚረዱበት የጽሕፈት ማእከል ከፈቱ። ሰፈሩ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው፤ በቤታቸው ስፓኒሽ እየተናገሩ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች ብዙዎች ነበሩ። መምህራን ለያንዳንዱ ልጅ የሚሆን ጊዜ የላቸውም። በአንጻሩ በከተማው ደራሲያንና ጋዜጠኞች ሞልተዋል፤ የሥራ ሰዓታቸውም እንደ ቢሮ ሠራተኛ የታሰረ አይደለም። እነዚህን ሁለት ወገኖች በአንድ ጠረጴዛ ማገናኘት ነበር አሳቡ።

ቤቱ ቀደም ሲል የክብደት ማንሻ ስፖርት ቤት ነበር። የወለሉ ጎማና የጣራው ልባስ ሲነሣ ከሥሩ ያማረ እንጨት ተገኘ፤ ውስጡም የመርከብ ሆድ መሰለ። በዚህ መካከል ባለቤቱ ያላሰቡትን ነገር ነገራቸው። በከተማው የቦታ አጠቃቀም ደንብ መሠረት ቦታው ለችርቻሮ ንግድ የተመደበ ስለ ሆነ አንድ ነገር መሸጥ ግዴታቸው ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ከፊት ለፊት ደብተርና እርሳስ ደርድሮ ደንቡን ያሟላ ነበር። እነዚህ ግን መርከብ የመሰለውን ቤት ተመልክተው ለባሕር ወንበዴዎች የሚሆን ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ። የአንድ ዐይን መሸፈኛ፣ በተቆረጠ እጅ ፋንታ የሚገባ የብረት ሜንጦ፣ የመስተዋት ዐይን፣ በጋን የተቀመጠ ሞራ ሳይቀር ለሽያጭ ቀረበ። በፊት ለፊቱ ግድግዳም ክሪስ ዌር የተባለው ሠዓሊ ትልቅ የግድግዳ ሥዕል ነደፈ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመጣ ልጅ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ወላጆች ልጃቸውን ለባሕር ወንበዴ ሱቅ ባለመስጠታቸው የሚደነቅ ነገር የለም። ማእከሉ ልጆች ሊያገኝ የቻለው ካሌጋሪ በመምህርነቷ የምታውቃቸውን ትምህርት ቤቶች እየዞረች ካነጋገረች በኋላ ነው። ይህን ሐቅ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ድርጅት የሚጽፉ የንድፍ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሱቁን አድንቀው መምህርቷን ይዘነጓታልና። ንድፍ ያማረ በር ሊሠራ ይችላል፤ ልጁን እጁን ይዞ ወደ በሩ የሚያመጣው ግን የሚታመን ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሱቁ ማንም አስቀድሞ ያልገመተውን ጥቅም ሰጠ። ለቤቱ ኪራይ የሚረዳ ገቢ ከማስገኘቱም በላይ የልጆቹን ሐፍረት አስወገደ። በደጃፉ «ትምህርት ለከበዳቸው ልጆች መርጃ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ቢሆን ኖሮ ልጁ ጓደኞቹ እንዳያዩት እየተሳቀቀ በገባ ነበር። አሁን ግን የሚገባው በወንበዴዎች ሱቅ በኩል ነው፤ የሚያየው ጓደኛም ይቀናበታል። በሱቁ የሚሸጠው ዕቃና የሚያዝበት ከረጢትም ይህንኑ ምስጢር ጠብቀው ወደ ጎዳና ይወጣሉ። በከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት የሱቁ ምልክት ስለ ሆነ የያዘው ሰው ምጽዋት ሰጪ ወይም ምጽዋት ተቀባይ መሆኑ አይታወቅበትም። አኮፋዳው በዚህ ዘዴ ተሰወረ።

አሳቡ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፤ እያንዳንዱም የራሱን ሱቅ ፈጠረ። በሲያትል የጠፈር መንገደኞች ዕቃ፣ በሎስ አንጀለስ በዘመናት መካከል ለሚመላለሱ ተጓዦች የሚሆን ሸቀጥ ይሸጥ ጀመር። ለሙያችን ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ2004 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን የተከፈተው የኃያላን ጀግኖች ዕቃ ሱቅ ነው። ነዳፊው ሳም ፖትስ ለሱቁ ጣሳዎችና ማሰሮዎች የሠራቸው ልጣፎች በልጆች ዕቃ ላይ የሚለመዱት ዓይነት አይደሉም። የሚስቅ ፀሐይ ወይም የተንጋደደ ፊደል አይታይባቸውም። እንደ ፋብሪካ ኬሚካል ልጣፍ ረጋ ብለው የተጻፉ፣ ስለ አጠቃቀምና ስለ ጥንቃቄ በትናንሽ ፊደላት የሚያሳስቡ ናቸው። የዕቃው ስም ግን «ዘላለማዊነት» ወይም «ፀረ ቁስ» ነው። ካባ የሚገዛ ሰው በነፋስ ማራገቢያ ፊት ቆሞ ይሞክረዋል፤ ሂሳቡን ሲከፍልም የጀግንነት ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

የዚህ ንድፍ ኃይል ከቁም ነገረኛነቱ የመጣ ነው። ትልቅ ሰው ለልጅ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ በልጁ ራስ ላይ አሻግሮ ወደ ሌላው ትልቅ ሰው ይጠቅሳል፤ «ይህ ሁሉ ጨዋታ መሆኑን እኔና አንተ እናውቃለን» ለማለት ነው። ልጅም ይህን ጥቅሻ ወዲያው ያውቀዋል። በብሩክሊኑ ልጣፍ ላይ ጥቅሻ የለም። ዓለሙ እውነተኛ ነው ተብሎ ከታመነ ሕጉ፣ ማስጠንቀቂያውና ዋጋው ሁሉ ተሟልቶ መገኘት አለበት። ድርሰት ለሚማር ልጅ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ከየት ይገኛል? በምናብ የተፈጠረ ነገር ዝርዝሩ ሲሟላ እንደሚታመን ከጣሳው ላይ ያነበዋል።

በ2010 በለንደን በሆክስተን ጎዳና የተከፈተው የተረት ሚኒስቴር የተባለው ድርጅት ይህንኑ መንገድ የበለጠ ገፋበት። መሥራቾቹ ደራሲው ኒክ ሆርንቢ፣ ሉሲ ማክናብና ቤን ፔይን ናቸው። ከፊት ያለው ሱቅ ለጭራቆች ዕቃ የሚሸጥ ነው፤ በምልክቱም ላይ የተቋቋመበት ዓመት 1818 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ዓመት የሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይን የታተመበት መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቀውም አንድ ቀን ይደርስበታል። የሱቁን ዕቃ መያዣዎች የነደፉት አሊስተር ሆልና ባልደረቦቹ ናቸው። የሰው ወፍራም ንፍጥ የሚል ልጣፍ የተለጠፈበት ብልቃጥ ውስጡ ከሎሚ የተሠራ ክሬም (ሌመን ከርድ) ነው። ከእንባ የተሠራ ነው የተባለው ጨው በየዓይነቱ ይሸጣል፤ የኀዘን እንባ፣ የሣቅ እንባ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ የፈሰሰ እንባ እየተባለ። ልጆቹ ወደሚጽፉበት ክፍል የሚገቡት በሱቁ ውስጥ በተሰወረ በር ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላቀ ሁኔታ የዚህን ጽሑፍ ጥያቄ የሚመልሰው በጣሳ የታሸገው ፍርሃት ነው። ገዢው ከቀላል ሥጋት እስከ ከባድ ሽብር ደረጃ ካላቸው ጣሳዎች አንዱን መርጦ ይገዛል። ጣሳው ሲከፈት ከረሜላና ለዚሁ ተብሎ የተጻፈ አጭር ታሪክ ይገኝበታል። በዚህ ጊዜ መያዣው ማኅደር ሆኗል ማለት ይቻላል። ከውጭ ያለው ንድፍ የሚጠራው ለጋሽን ወይም ችግረኛን አይደለም፤ በውስጡ ያደረውን ጽሑፍ ነው። የናሱ ሣጥን ባዶ ወረቀት ይዞ የሰጪውን መልክ ያሳይ ነበር፤ የሆክስተኑ ጣሳ የሰጪውን መልክ ትቶ የተጻፈ ወረቀት ይዟል።

ይህ ሁሉ ሲባል ጉዳዩ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። በሚሽን ሰፈር ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ኪራይ እየናረ በመሄዱ ብዙ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ቤተሰቦች ሰፈሩን ለቀዋል። አዲስ መጪው ገንዘብ ያለው ሰው ያማረ ከረጢት ይዞ ከወንበዴዎች ሱቅ ሲወጣ፣ ሱቁ የተከፈተለት ልጅ ቤተሰብ ደግሞ ዕቃውን ጭኖ ሰፈሩን ሲለቅ በአንድ ጎዳና ሊተላለፉ ይችላሉ። ንድፍ ይህን ሊያስቀር አይችልም። ነገር ግን ነዳፊው ከረጢቱን የሚሠራው ለማን እንደ ሆነ በየጊዜው እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። ቀልዱ የተማረ ትልቅ ሰው ብቻ የሚስቅበት እየሆነ ከሄደ ሱቁ የልጁ በር መሆኑ ቀርቶ የትልቁ ሰው መጫወቻ ይሆናል።

ሌላው አደጋ ከዚህ የረቀቀ ነው። ልጅ የጻፈውን በከረጢት ላይ ማተም ቀላልና ማራኪ መፍትሔ ይመስላል፤ ብዙ ድርጅቶችም ያደርጉታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመርጦ የሚታተመው የልጁ የተሻለ ዐረፍተ ነገር አይደለም። የፊደል ግድፈት ያለበት፣ የተንጋደደ፣ ትልቅ ሰው አንጀቱ ተላውሶ ፈገግ የሚልበት ቃል ነው። ይህ የልጁን ድርሰት ማክበር አይደለም፤ ድካሙን ጌጥ ማድረግ ነው። ልጁ ሳይጠየቅ ከተደረገ ደግሞ ከስርቆት ብዙ አይርቅም። አንድ ትልቅ ደራሲ ገና ያልታረመ ረቂቁ በከረጢት ላይ ታትሞ ቢያይ ዝም አይልም። ለልጁም ያው ክብር ይገባዋል፤ ታርሞ፣ ራሱ መርጦት፣ እርሱና ወላጆቹ ፈቅደው መታተም አለበት።

ስለ ዕቃው አሠራር ጥቂት ማከል ለባልደረቦች ይጠቅማል። ሳን ፍራንሲስኮ በ2007 በትልልቅ የምግብ መደብሮች የፕላስቲክ ከረጢት እንዳይሰጥ በመከልከል ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2012 ደንቡ ወደ ሌሎች ሱቆች ሲዛመት ለሚሰጠው ከረጢት 10 ሳንቲም እንዲከፈል ተወሰነ። በዚህም ምክንያት ከረጢት ገዢው አስቦ የሚወስደው ዕቃ ሆነ፤ ተከፍሎበታልና መልሶ መላልሶ ይጠቀምበታል። ነዳፊውም የአንድ ቀን ሳይሆን የብዙ ወራት ዕድሜ እንዲኖረው አድርጎ ማሰብ ግድ ሆነበት። እጀታው በተጣበቀበት በኩል ከውስጥ ድርብ ወረቀት ካልተደረገለት ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀደደው እርሱ ነው፤ መጽሐፍ ደግሞ ከባድ ነው። ቡናማው ክራፍት ወረቀት በአንድ ጥቁር ቀለም ቢታተምበት ያምራል፤ ወጪውም ይቀንሳል። የሚያብረቀርቅ ልባስ፣ ወርቃማ ማኅተምና የሐር ገመድ የተጨመረበት ከረጢት ግን ልጆችን እረዳለሁ ለሚል ድርጅት አያስመሰግንም። ያየው ሰው ሁሉ ስንት እርሳስ ይገዛ እንደ ነበር ያሰላልና።

መጠኑን በተመለከተ የቫሌንሲያው ማእከል ሥራ ራሱ መለኪያ ይሰጣል። ከትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተማሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ የአንድን ታሪክ መጀመሪያ በጋራ ይደርሳሉ፤ አንዱ በፈቃደኝነት የሚያገለግል ሰው እየሰማ ይጽፈዋል፤ ሌላው ሥዕሉን ይሥላል። ታሪኩ ጭንቅ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ መጨረሻውን ለብቻው ይጽፋል። ገጾቹ ወዲያው ተባዝተው ይጠረዛሉ፤ ልጁም ሽፋን ያለው፣ የደራሲው ፎቶግራፍ ማለትም የራሱ ፎቶግራፍ ያለበት መጽሐፍ ይዞ በወንበዴዎቹ ሱቅ በኩል ይወጣል። ለዚህ ልጅ የሚነደፍ ከረጢት ስፋቱ ከመጽሐፉ ስፋት ሁለት ጣት ይበልጣል፤ ቁመቱ የመጽሐፉ አናት ትንሽ ብቅ እንዲል ያህል ይሆናል፤ የእጀታው ርዝመትም በአንድ የ8 ዓመት ልጅ እጅ ተንጠልጥሎ መሬት እንዳይነካ ሆኖ ይቆረጣል።